ምንም የማይጎድለው ቡድን

ፍሌሚንግተን፣ ሜልቦርን
ሐምሌ 5 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለአሰልጣኜ ለእትዬ ተረፈች፣ ናዝሬት

እንደምን ከርመዋል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ነው እንጂ ሌላ የሚያማርረኝ የለም። ዝም በማለቴ መቀየምዎ ልክ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤ ጀምሬ የጣልኩት ብዙ ነው። ደህና ዜና ስይዝ እጽፋለሁ እያልኩ ደህናው ዜና ዘገየ።

«ለመሆኑ ሥራ ነው የያዝከው ወይስ ዛሬም ኳስ እያባረርክ ነው?» ላሉኝ፣ ሁለቱም ነው። ዌስትጌት ፖሰምስ የሚባል ደመወዝተኛ የቅርጫት ኳስ ቡድን በረዳት አሰልጣኝነት ቀጥሮኛል። ፖሰም ማለት ሌሊት ጣሪያ ላይ እየሮጠ ሰው የማያስተኛ፣ ድመት የሚያክል እንስሳ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁም።

እዚህ ድራፍት የሚባል ነገር አለ። ውድድሩ ሲያልቅ ክለቦቹ ተሰብስበው አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ ይመርጣሉ፤ መጀመሪያ የሚመርጠው ደግሞ መጨረሻ የወጣው ነው። እኛ አገር ቢሆን መጨረሻ የወጣ ሰው እንኳን ምርጫ ሰላምታም አያገኝም። እኛ ከታች አንደኛ ስለሆንን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀድመን የምንመርጠው እኛ ነን። ዋናው አሰልጣኝ ኮሊን የእያንዳንዱን ተጫዋች ጉድለት ጻፍልኝ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልገን ከዚያ እናያለን አለኝ። የሙከራ ኮንትራቴም የሚያበቃው ያን ጊዜ ነው። ሥራዬን ካልወደደው ወደ ዳቦ ፋብሪካው የሌሊት ሺፍት መመለሴ ነው።

እኔም ለፍቼ ጻፍኩ። የሰው እንጀራ ላይ ቆሜ ክፉ ነገር ከእጄ እንዳይወጣ ተጠነቀቅሁ። ዲን የሚባለው ኳስ አንጣሪያችን ኳሱን ሁልጊዜ ለተጋጣሚ ነው የሚሰጠው፤ «ለጋስ ነው» አልኩ። ስቲቭ መከላከል የሚባል ነገር አያውቅም፤ «ከተጋጣሚ ጋር መልካም ግንኙነት አለው» አልኩ። ከቀለበቱ ሥር የሚቆመው ሴንተራችን ዋረን ሁለቱም ጉልበቱ አልቋል፤ «ልምዱ ሰፊ ነው፣ አረማመዱም ግርማ አለው» ብዬ አለፍኩት። ቡድኑ ምን ያስፈልገዋል በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የመልበሻ ክፍሉ ማሞቂያ ቢጠገን መልካም ነው ብዬ ጻፍኩ።

ኮሊን አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ ያየኸው ቡድን የትኛው ነው ብሎ ጠየቀኝና ወረቀቱን መለሰልኝ። እስከ ድራፍቱ ድረስ በደንብ እንድጽፈው ነግሮኛል። እትዬ፣ ምን ላድርግ?

ልጅዎ አዛርያስ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 29 ቀን 1986

ለአዛርያስ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ አንኳኩታ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ፊደልህን ለምን እንዲህ ታሳንሳለህ? እዚያ አገር ወረቀት ውድ ነው? መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ እንደገና በር ላይ ወጥቼ ነው የጨረስኩት።

ጤናዬን ለጠየቅኸው፣ ደህና ነኝ፤ ምን ይዞኝ። መስመሩ ከተጣመመብህ ብዕሩ ነው።

አሁን ስማኝ። ግራ እጅ የለህም ብዬ ቀኝ እጅህን በመቀነት ከወገብህ ጋር አስሬ ያጫወትኩህ እኔ አይደለሁም? እናትህ ልጄን አካል ጉዳተኛ አስመሰልሽው ብላ ለርእሰ መምህሩ ከሰሰችኝ እኮ! ያን ጊዜ የእናትህን ፊት አይቼ «አዛርያስ ቀኝ እጁ ድንቅ ነው» ብዬ ብተውህ ዛሬ ፖሰም ነው ምን ነው የምትለው ጋ አትደርስም ነበር። ይሉኝታ ለሠርግና ለለቅሶ ነው። ሜዳ ላይ ይዘኸው ከወጣህ ያስደበድብሃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተ ደግሞ የራስህ ሳይበቃህ የሰውን በሽታ ትደብቃለህ። በእንግሊዝኛ እውነት መናገር ካቃተህ በአማርኛ ለእኔ ጻፍልኝ። እዚህ ናዝሬት ሆኜ ለዋረንህ አልነግርበት። ማን ምን ይጎድለዋል? አንዲት ምስጋና እንዳታስገባ።

ተረፈች

የቡድኑ ልጆች ሰላም ብለውሃል። ሎሚ፣ አንተ በነበርክበት ጊዜ ማልያ የምታጥበው ትንሿ ልጅ፣ ዛሬ አስተማሪ ሆና አብራኝ ቡድኑን ትይዛለች።


ፍሌሚንግተን፣ ነሐሴ 18 ቀን 1986

ለእትዬ ተረፈች

ቁጣዎ ደርሶኝ ጤና ሆንኩ። ስለ ጽሕፈትዎ ያሉኝን በተመለከተ፣ ምንም አልተጣመመም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉልን እንደነበረው ያማረ ነው።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው። ዲን ኳስ ሲይዝ ዓይኑ መሬት መሬት ነው፤ ሳንቲም የጠፋበት ይመስላል። ወዳጁ ጮኾ ሲጠራው ለጠላቱ ያቀብላል። ስቲቭ ከሩቅ ሲወረውር አይስትም፣ አይካድም። ግን ተጋጣሚው ሲመጣበት ዘወር ብሎ ያሳልፈዋል፤ በከተማው ባቡር፣ በትራም በር ላይ ለአሮጊት መንገድ የሚለቅ ነው የሚመስለው። ሌሎቹ ይሻላሉ። እነሱ ቢሳሳቱ እንኳን ሰው ልብ ስለማይላቸው ማንም አይናደድም።

ዋናው ጉድለት ግን ዋረን ነው። የድሮውን ዋረን ቢያዩት ከቀለበቱ ሥር ተራራ ነበር ይላሉ። ዛሬ ሲዘል ከእግሩ ሥር አንድ ጋዜጣ ቢያስገቡ ሁለተኛው አይገባም። ሪባውንዱ፣ ከቀለበቱ የተመለሰው ኳስ ሁሉ የሌላ ነው። ቁመት ያለው ወጣት ሴንተር ካልመረጥን ከርሞም ከታች አንደኛ ነን። ጊፕስላንድ የሚባል ገጠር ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አይቻለሁ፣ ስኮት ይባላል። በር ሲገባ አንገቱን ሰብሮ ነው።

ታዲያ ይህን እንዴት ጽፌ እሰጣለሁ? ስኮት ተመረጠ ማለት የዋረን ኮንትራት አይታደስም ማለት ነው። እትዬ፣ ይህ ሰው እኮ ገና ስመጣ አልጋና ፍራሽ በራሱ መኪና ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ያንን ሁሉ ፎቅ በዚያው ጉልበቱ ተሸክሞ ያወጣልኝ ነው። መኪና መንዳት እሱ በሚኖርበት በሜልተን ባዶ ሜዳ ላይ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አጥር ስገጭበት እንኳን አጥሩ አርጅቶ ነበር አለኝ። ዛሬም ድረስ ከሜልተን ሲመጣ ፍሌሚንግተን ጎራ ብሎ ሳይወስደኝ ልምምድ አይሄድም። የበላሁበትን ወጪት እንዴት ልስበር?

አዛርያስ


ናዝሬት፣ መስከረም 3 ቀን 1987

ለአዛርያስ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ።

አየህ፣ ለካ ማየት ታውቃለህ። የጋዜጣዋን ነገር ለሎሚ ነግሬያት ወድቃ ሳቀች።

ወጪት ስላልከው፣ ወጪት መስበር ማለት ሰውዬው ሜዳ መሃል ሲወድቅ ሺህ ሰው ሲስቅበት ቆሞ ማየት ነው። ዓይን ዓይኑን እያየህ ራስህ ንገረው፤ ለኮሊን ሳትጽፍ በፊት ለእሱ ንገረው። ከሌላ ሰው ከሰማው ግን ያኔ እውነትም ሰበርከው።

እኛ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ተሸነፍን። አንዷን ተከላካይ ቦታሽን ያዢ፣ እጅሽን አንሺ እያልኩ ግማሹን ጨዋታ ስጮህባት ቆይቼ ለካ የተጋጣሚ ልጅ ናት! ማልያው ተመሳስሎብኝ ነው። ደግሞ የነገርኳትን ሁሉ ፈጸመችና በእሷ ተሸነፍን። ተዋት፣ ጥሩ ልጅ ናት።

ተረፈች


ፍሌሚንግተን፣ መስከረም 27 ቀን 1987

ለእትዬ ተረፈች

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ለዋረን ልነግረው ቆረጥኩ። አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ጀመርኩና ስለ አየሩ አወራሁት። በማግስቱ ጀመርኩና ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ምን ሆነሃል፣ አሞሃል ወይ አለኝ። አየሁት፣ አንጀቴ እምቢ አለ። ታዲያ ከባድ ነገር ሲኖር የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ላክሁበት።

አይቆጡ፣ ልጨርስ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሁለት አባቶች ለመንኩ። ጋሼ ደበላ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ጋሼ ዋቅጋሪ ታክሲ ስለሚነዱ መኪና አላቸው። ሦስተኛ የያዝነው ወንድም ኃይለአብ ሺፍት ወጥቶበት ቀረ። አደራ፣ ጉልበቱ እንዳለቀና በክብር ቢያቆም እንደሚሻል በጥበብ ንገሩልኝ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሱፍ ከነከረባታቸው ለብሰው፣ ጋሼ ደበላ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ሜልተን ሄዱ።

የዋረን ሚስት በመስኮት አይታ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰባኪዎች መሰሏት። ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ልጆቹን ከሶፋው ጀርባ አስተኛቻቸው። ዋረን ግን ምስኪን ነው፣ ከፈተ። ተቀመጡ አላቸው። እነሱም እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወንበሩ ያልተስማማቸው መስሎት ሌላ አመጣ። አሁንም እምቢ። የኩሽናውን አመጣ፣ የአትክልቱን ቦታ ወንበር አመጣ፣ በመጨረሻ ሚስቱ ከተደበቀችበት ወጥታ የፀጉር መሥሪያዋን በርጩማ አቀረበች። ሳሎኑ የሠርግ ድንኳን መስሎ እነሱ ቆመዋል።

ጋሼ ደበላ ንግግር ጀመሩ። ስለ ጀግና፣ ስለ ዛፍና ስለ ቅጠል፣ ስለ ዳዊትና ስለ ሰለሞን ብዙ አሉ። ዋረን ምንም አልገባውም። በመጨረሻ «አዛርያስ የላከን ስለ ጉልበትህ ነው» ሲሉት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ሁለቱንም ጉልበት አሳያቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጋሼ ዋቅጋሪ የታመመ ሰው አይተው ሳይጸልዩ ማለፍ አይችሉም። ተንበርክከው እጃቸውን ጫኑና ጸለዩለት። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት፤ ልባቸው ሲነካ እንደዚያ ናቸው። ጋሼ ደበላም አብረው አሜን አሉ። ከዚያ ዋረን ተነሣ፣ ቁጭ ብድግ አለ፣ ቀለለኝ አለ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ። ለምን እንደሄዱ ያስታወሱት ፍሌሚንግተን ከደረሱ በኋላ ነው።

ሰኞ ዋረን በቡድኑ ፊት አቅፎ አነሣኝ። በዚህ ክለብ ስለ ጉልበቴ ያሰበ አንተ ብቻ ነህ አለ። ለኮሊንም ሁለት ዓመት እጨምራለሁ ብሎታል። ኮሊን አሁን ሴንተር ይቅርና ኳስ አንጣሪ እንምረጥ እያለ ነው። ዋረን ግን ትናንት ልምምድ ላይ ሲዘል አየሁት። ያው አንድ ጋዜጣ ነው። ድራፍቱ ደርሷል፤ እኔ ዋሽቻለሁ ማለት ነው ወይስ አልዋሸሁም?

አዛርያስ


ናዝሬት፣ ጥቅምት 10 ቀን 1987

አዛርያስ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዘንድሮ ከጠባ በኋላም ይሰማል።

ደብዳቤህን ለሠፈሩ ሁሉ አስነብቤያለሁ። ጋሼ ዋቅጋሪን ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። አንተን ግን እዚህ ብትሆን ሁለቱንም እጅህን ነበር የማስረው።

ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ለመለመን ነው። ይህ ደብዳቤ በኤክስፕረስ የመጣው ሰውዬው ከድራፍቱ በፊት ከአፍህ እንዲሰማ ነው። ሂድ ንገረው። ከነገርከው በኋላ እኔም የምጠይቅህ አለኝ፤ ለብቻው እጽፍልሃለሁ።

ተረፈች


ፍሌሚንግተን፣ ኅዳር 12 ቀን 1987

ለእትዬ ተረፈች

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። መጀመሪያ ለመጀመሪያው።

ነገርኩት። የድራፍቱ ዋዜማ ጠዋት ሊወስደኝ ሲመጣ፣ ሬስኮርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ ነው። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝና «ዋረን፣ አልቋል። ጉልበትህ አልቋል። ነገ ሌላ ሴንተር እንምረጥ ልል ነው» አልኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላችን ትራሙ ደወለ። ኋላ ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ ካወቅሁ። ሰው ሁሉ ደህና ነህ ሲለኝ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የተጫወትኩት።»

እትዬ፣ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ቁመቱ ያን ያህል የሆነ ሰው በትንሽ መኪና ውስጥ ሲያለቅስ መሪው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ታዲያ ያ ጸሎት ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ማታ ወደ ጋሼ ዋቅጋሪ ወሰድኩት። እሳቸው ምንም አልደነገጡም። ጸሎቱ ተሰምቷል፣ ደረጃ ስትወጣ ያምሃል ወይ አሉት። አያመኝም አለ። «በል እንግዲህ፣ እኔ ለደረጃ ነው የጸለይኩት። ለሪባውንድ አልጸለይኩም» አሉት።

በማግስቱ ኮሊን ፊት እውነቱን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ለዲንም፣ ለስቲቭም አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ዲን አኮረፈኝ፣ ስቲቭ ግን አመሰገነኝ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ መንገድ ለቀቀልኝ። ስኮትን መረጥን። ዋረን ስኮትን የማሠለጥነው እኔ ነኝ ብሎ አመልክቶ ተፈቅዶለታል። የእኔም ኮንትራት ታድሷል፣ ጌታ ይመስገን። ማሞቂያው ግን አሁንም አልተጠገነም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ደብዳቤዎ። ትምህርት ቤቱ ለሚመጣው ዓመትም ቡድኑን ይያዙልን ብሎ እንደለመነዎት፣ ሰው ሁሉም አለእርስዎ እንዴት ይሆናል እንደሚል ጻፉልኝ። እንደ ዋረን አድርገህ መዝነኝ፣ አንዲት ምስጋና እንዳታስገባ አሉኝ። ይህን ከመጻፍ ስኮትን ተሸክሜ ፎቅ ብወጣ ይቀለኝ ነበር።

እትዬ፣ ጽሕፈትዎ ያማረ ነው ያልኩት ውሸት ነው። አይነበብም። መስመሩ በመስመር ላይ ወጥቷል፤ የመስከረሙ ደብዳቤ ቃል ከወረቀቱ ወጥቶ የሚቀጥለው የት እንደሄደ እግዜር ይወቀው። ይህን የመጨረሻውን ያነበብነው እኔ፣ ጋሼ ደበላና ጋሼ ዋቅጋሪ ሆነን መስኮት ሥር ነው። ብዕሩ አይደለም፣ ዓይንዎ ነው። ያቺ የተጋጣሚ ልጅም ማልያዋ አልተመሳሰለም። ከሐምሌው ደብዳቤዎ ጀምሮ አውቄ ዝም ብያለሁ። በሽታውን የደበቀ ያሉኝን አስታውሰው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ቡድንዎ የሚያስፈልገው አሰልጣኝ ነው። ድራፍት አያሻም፣ ሎሚ እዚያው አጠገብዎ አለች። እርስዎ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ይቆጡ። ቁጣዎ ዓይን አይፈልግም።

ይህን የጻፈው እጄ ያው ነው። እርስዎ ያሰሩት ቀኙ።

አዛርያስ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1987

ለአዛርያስ

ይህን የምትጽፈው ሎሚ ናት፣ የምናገረው እኔ ነኝ። የጨመረችው ነገር ካለ ንገረኝ።

ደብዳቤህን ያነበበችልኝም እሷ ናት። ዋረን መኪና ውስጥ ያለቀሰው ጋ ድምፅዋ እየተቆረጠ አነበበች። ወደ እኔው ጉዳይ ስትደርስ «እትዬ ደህና ነዎት፣ ይቀጥሉ ይላል» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። ፊደሉን ባላይም ወረቀት ስንት እንደሆነ በጣቴ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ገጽ ቀርቶ ደህና ነዎት ብቻ? አዛርያስ ሰው ሲያመሰግን እንኳን ከዚህ ይረዝማል። ክፈቺው፣ እንደተጻፈ አንብቢው አልኳት። እያለቀሰች አነበበችው። «አሰልጣኝ ነው» የሚለው ጋ ስትደርስ እንደገና አንብቢው አልኳት።

ተቀየምኩህ። አንድ ቀን ሙሉ ተቀየምኩህ፤ እራትም አልበላሁ። በማግስቱ ተነሥቼ ለሎሚ ፊሽካዬን ሰጠኋት። የመጀመሪያ ትእዛዜም እኔን ደህና ነዎት ብለሽ እንዳታልፊኝ የሚል ነው።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለኝ፣ ይገፈፋል። ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ ቀጠሮ አለኝ። ፈራሁ፣ ለአንተ አልዋሽም። ለጋሼ ዋቅጋሪ ንገርልኝ፣ ይጸልዩልኝ። እኔ ጴንጤ አይደለሁም፣ ቢሆንም ይጸልዩ። ለምን እንደሆነ ግን አደራ አስረዳቸው፤ ለደረጃ ጸልየው እንዳይቀሩ።

ከታች ያለው ፊርማ የራሴ ነው። ከፊሉ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ሎሚ ፍቃ ልታስተካክለው ነበር፤ እንዳለ ተይው፣ እሱ ይየው አልኳት።

ተረ